«በጀት የለም» የተባለችው ሚኒባስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠናል። አራቱም በየራሳቸው መንገድ የሚያነሡት የአቅመ ደካሞችን መጓጓዣ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ደግሞ የከተማ በጀት ሲጠብ ይህ አገልግሎት ለምን ቀድሞ እንደሚቆም ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ መልስ ስለሚያስፈልገው አብዛኛውን ቦታ ወስዷል፤ የሌሎቹ ደብዳቤዎች ጸሐፊዎች ይቅርታ ያደርጉልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ እኔ በደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በሚገኝ ዳገታማ ሰፈር የአንድ ቅሬ (በወሎ እድር የሚጠራበት ስም ነው) ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ማክሰኞና ዓርብ እየመጣች አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን ወደ ሆስፒታል ታደርስ ነበር። መኪናዋን ያገኘናት በእርዳታ ሲሆን፣ ነዳጇንና የሾፌሯን አበል በቃል ስምምነት ይችልልን የነበረው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከሐምሌ ወር ጀምሮ ግን «በጀት የለም» ተብሎ ቆማለች። የሚያናድደን ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ማየታችን ነው። አንዲት እናታችን የባጃጅ ኮንትራት መክፈል ስላቃታቸው የሐኪም ቀጠሯቸው አልፏቸዋል። ለድንጋይ የሚሆን ገንዘብ እያለ ለነዳጅ እንዴት ይጠፋል? አቤቱታችንን ለማን እናቅርብ? ቅሬያችን መኪናዋን ራሱ ቢያንቀሳቅሳትስ የሚከለክለን ሕግ አለ?
(የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ)

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ያለው ቁጣ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያልሆነ በር እንዳያንኳኩ በመጀመሪያ ድንጋዩንና ነዳጁን እንለያቸው። ሁለቱ ከአንድ ኪስ አይወጡም። የመንገድ ንጣፍ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የመሳሰሉት ሥራዎች የሚከናወኑት በካፒታል በጀት ሲሆን፣ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገናና የሾፌር አበል ግን መደበኛ ወጪ ናቸው። በአገራችን የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ፣ በመርህ ደረጃ፣ ለካፒታል የተያዘን ገንዘብ ወደ መደበኛ ወጪ ማዛወር አይፈቀድም። የሕጉ ሐሳብ መልካም ነው፤ ለትምህርት ቤት ግንባታ የተያዘ ብር በስብሰባ አበል እንዳያልቅ ይከላከላል። ይኸው አጥር ግን ለድንጋይ የተያዘው ብር ወደ አረጋውያኑ መኪና ታንከር እንዳይሻገርም ያግዳል።

በዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ለብዙ ዓመታት በዓለም ባንክ በተደገፉ የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ሲታቀፉ የቆዩ ከተሞች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረውና 117 ከተሞችን ያቀፈው ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ገንዘብ የሚሰጡት ለመንገድ፣ ለቦይና ለሌላ መሠረተ ልማት እንጂ ለነዳጅ መቅጃ አይደለም፤ ከተማውም ከራሱ ገቢ ድርሻውን እንዲያዋጣ ያስገድዱታል። ስለዚህ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበሰበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ፣ ማንም ስለ አረጋውያን ትራንስፖርት አፉን ከመክፈቱ በፊት የታሰረበት ሥራ ይኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በሁለቱ ከተሞች የተዘረፈውንና የወደመውን የሕዝብ ንብረት መተካትም በዚሁ ገቢ ላይ የተጨመረ ሸክም ነው። እርስዎ ድንጋይ ሲነጠፍ ያዩት ገንዘብ ስለተረፈ ሳይሆን፣ ገንዘቡ በዚያ በኩል ብቻ እንዲፈስ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው።

ዋናው ችግር ያለው መደበኛው በጀት ውስጥ ነው። የአንድን መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት ቢከፍቱት ከፊት የሚያገኙት በሒሳብ መደብ (የወጪው ዓይነት በሚለይበት ቁጥር) 6111 የተያዘውን የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው፤ እሱን የሚነካ የለም። ከደመወዝ የተረፈው «ሥራ ማስኬጃ» ተብሎ ይመነዘራል፤ ነዳጅና ቅባት በመደብ 6217፣ ውሎ አበል በ6231፣ የተሽከርካሪ ጥገና በ6241 ይያዛል። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ሚኒባሷ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ በስሟ የተመዘገበ ነገር አልነበራትም። የመሥሪያ ቤቱ መኪናዎች ከሚቀዱበት 6217 ላይ በኃላፊዎች በጎ ፈቃድ እየተካፈለች ነው የኖረችው፤ በአጭሩ እንግዳ ነበረች። በወሎ ማዕድ ሲያንስ ከገበታው የሚነሣው ባለቤቱ ነው፤ በበጀት ቤት ግን እንግዳው ነው የሚነሣው። «በጀት የለም» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ ገንዘብ አልቋል ሳይሆን የእናንተ አገልግሎት መደብ የለውም ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይምሰል እንጂ አቤቱታ የሚጻፍበትን መንገድ ከሥሩ ይለውጠዋል።

ሌላም የማይታይ ቅነሳ አለ። በጀት መቀነስ ማለት ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ቁጥር መሰረዙ አይደለም። ለምሳሌ ሚኒባሷ በሳምንት 20 ሊትር ናፍጣ ትወስዳለች ብንል፣ በዓመት 1,040 ሊትር ይሆናል። የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሥርዓት በተጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ስለነበር፣ የዓመቱ ወጪ 51 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ሊትሩ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲገባ፣ ያው ጉዞ ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ጭማሪ 103 ሺህ ብር ገደማ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ላይ ያለውን 51 ሺህ ብር ሳይነካው ቢያቆየው እንኳ የሚገዛለት 515 ሊትር ብቻ ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን መቅዳት የጀመረች መኪና ታኅሣሥ ሳይወጣ ትቆማለች ማለት ነው። ማንም «ቀነስኩ» አላለም፣ ቃለ ጉባኤም አልተያዘበትም፤ አገልግሎቱ ግን በግማሽ ተቆርጧል። የታለመው ድጎማም ቢሆን የተዘጋጀው ስምሪት ወስደው ለሚሠሩ፣ በሕዝብ ማመላለሻነት ለተመዘገቡ ተሽከርካሪዎች ስለነበር፣ እንደ እናንተ ያለች በእርዳታና በቃል ስምምነት የምትሄድ ሚኒባስ ከመዝገቡ ውጪ ነበረች። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ በበኩሉ ወጥቷል።

የቦታው አቀማመጥም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የታጨቀች ከተማ ናት፤ በዚህች ከተማ አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ያገኘ አንባቢ ካለ እባክዎ ይጻፍልን። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የወረደና በመጀመሪያ ማርሽ የወጣ ሾፌር የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያጥር አይነገረውም። በሜዳ ከተማ የወጣ የነዳጅና የጥገና ስሌት ለደሴ አይሠራም፤ የበጀት ጥያቄ ስታቀርቡ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይጠቅማል።

አቤቱታውን በተመለከተ ትልቁ ጉዳይ ከአድራሻው ይልቅ ወሩ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን የሚያዘጋጁትና በተሰጣቸው ጣሪያ ልክ የሚከራከሩት ግን በበጋው መጨረሻና በበልጉ ወራት ነው፤ ሰነዱ ምክር ቤት ሲደርስ አብዛኛው ነገር ተቆርጦ አልቋል። ሐምሌ ላይ መጮኽ መኪናው ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ እጅ እንደ ማውለብለብ ነው። ስለዚህ አሁን ሊጠየቅ የሚችለውና ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠየቀው ይለያያል። ለአሁኑ፣ የግማሽ ዓመቱ አፈጻጸም ሲገመገም ሳይሠራበት የቀረ ሥራ ማስኬጃ ካለ በዝውውር ወደ ነዳጅ መደብ እንዲመጣ፣ ወይም ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ እንዲካተት መጠየቅ ይቻላል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ አገልግሎቱ በስሙ፣ በራሱ መደብና በቁጥር ይያዝ። «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ እንግድነቱን ማደስ ብቻ ነው።

ከመጠየቅዎ በፊት መረጃ ይያዙ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መሥሪያ ቤቱም ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሚያስፈልጋችሁ የመሥሪያ ቤቱ የጸደቀ በጀት በመደብ ተከፋፍሎ፣ ከዚያም ያለፉት ሁለት ዓመታት የነዳጅና የጥገና አፈጻጸም ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በፋይናንስ ግልጽነት አሠራር መሠረት በጀታቸውን በሰሌዳ ስለሚለጥፉ፣ አንዳንዴ ደብዳቤም ሳያስፈልግ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ደብዳቤ ከጻፋችሁ ግን በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቁጥሩና ቀኑ በግልባጩ ላይ ይመታ፤ «ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል» የሚለው መልስ በእኛ አገር የሰነድ ሁሉ መቃብር ስለሆነ፣ ወደ የትኛው ክፍልና በየትኛው ቀን እንደተመራ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ግልባጩን ለቀጣናችሁ የምክር ቤት ተመራጭ ስጡት። የቅሬው አባላት ፊርማ ብቻውን ከሚያደርገው በላይ፣ ማክሰኞና ዓርብ ስንት ሰው ትጭን እንደነበር፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ለሕክምና ይሄድ እንደነበር፣ ከቆመች ወዲህ ስንት ቀጠሮ እንዳለፈ በአንድ ገጽ ቢቀርብ ተመራጩ በስብሰባ ላይ የሚያነበው ነገር ያገኛል። ቅሬ መዝገብ መያዝ ያውቅበታል፤ ለቀብር የሚያዘው ስም ዝርዝር ለዚህም ይሆናል።

በመጨረሻ ቅሬው መኪናዋን ቢይዛትስ ብለዋል። በወሎ ገጠር ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስ የቅሬ አባላት ግዴታ ሆኖ የኖረባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ሐሳቡ ለባህላችን አዲስ አይደለም። ሕጉ ግን ቃሬዛን እንጂ ሚኒባስን ዝም ብሎ አያልፍም። ኮድ 2 (የግል) ታርጋ ያላት መኪና ከተሳፋሪ ሒሳብ መቀበል አትችልም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ቦሎም በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ሾፌሩም ለሕዝብ ማመላለሻ የሚያበቃ መንጃ ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል። በሌላ በኩል ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም፤ ስለዚህ በመኪናዋ ስም ውል ለመዋዋልና ድጎማ ለመቀበል የሚያስችል ሌላ ሕጋዊ አካል ያስፈልጋችኋል። በዚያው አዋጅ የሚመዘገብ ድርጅት ማቋቋም፣ ወይም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር መመሥረት ይቻላል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን መኪናዋን አትውሰዷት። ነዳጁ ያስፈራል፤ ቅሬውን የሚያፈርሰው ግን የሚሰበረው ማርሽ ሳጥን ነው። በአንድ ቀን የሚመጣ የጥገና ሒሳብ ለሐዘን የተጠራቀመውን ገንዘብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ቅሬ ደግሞ ቀብር ሲመጣ «ጋራዥ ነው ያለው» ብሎ አያልፍም። ይልቅ ለምሳሌ 150 አባወራዎች በወር 20 ብር ቢጨምሩ 3,000 ብር ይሆናል፤ አንድ የደርሶ መልስ ኮንትራት በ150 ብር ቢታሰብ በወር 20 ሕመምተኞች ሆስፒታል ደርሰው ይመለሳሉ። ከባጃጅ ማኅበር ጋር በጽሑፍ ከተስማማችሁ ጎማው፣ መድኑና ቦሎው የባለ ባጃጁ ጉዳይ ይሆናል። ይህ ግን መንግሥትን ከግዴታው የሚያወጣ ሆኖ እንዳይቆጠር በአቤቱታችሁ ውስጥ «በጀቱ እስኪያዝ» የሚል ቃል አስገቡበት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት «ሕዝቡ ራሱ ችሎታል» ተብሎ ይዘጋባችኋል። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ስለወጣ ወደፊት የከተሞች የራስ ገቢ ሊሰፋ ይችላል፤ ገቢው በተግባር መሰብሰብ ሲጀምር መደብ የሚከፈትለት ደግሞ አስቀድሞ በስሙ የተጠየቀ አገልግሎት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በኮምቦልቻ የምኖር ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ልጄ በእንግሊዝ አገር አረጋውያንን ትንከባከባለች። የምትንከባከባቸውን ሰዎች ከደጃቸው እያነሣች ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ ትወስድ የነበረች ሚኒባስ፣ የአካባቢው ምክር ቤት ድጎማውን ስለቀነሰ ቆመች ብላ በስልክ አጫወተችኝ። እኔ እንዲህ ያለው ነገር ድሀ ስለሆንን የሚደርስብን ይመስለኝ ነበር። በሀብታም አገር እንዴት ይሆናል? ከእነሱ የምንወስደው ትምህርትስ አለ?
(ጡረተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባታችን፤ ልጅዎ የነገረችዎ ነገር በዚያ አገር በብዙ አካባቢ የደረሰ ነው፤ ምክንያቱም ከደሴው ሚኒባስ ምክንያት ጋር ይመሳሰላል። ከለንደን ውጭ ያለው የአውቶቡስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ የትራንስፖርት ሕግ መሠረት፣ ከ1986 ጀምሮ ለግል ድርጅቶች ውድድር ተከፍቷል። ድርጅቶቹ ትርፍ ባለበት መስመር ይሠራሉ፤ ትርፍ የሌለውን ግን ማኅበራዊ ጠቀሜታ ያለውን መስመር የአካባቢው ምክር ቤት ገንዘብ ከፍሎ ሊያሠራው ይችላል። ሕጉ ምክር ቤቱን የሚጠይቀው ስለ ጉዳዩ እንዲያስብበት እንጂ የተወሰነ አገልግሎት እንዲያቀርብ አይደለም። ልጅዎ የጠቀሰቻት ዓይነት ሚኒባስም በዚያው ሕግ አንቀጽ 19 በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ፣ ትርፍ በማይፈልጉ ማኅበራት የምትንቀሳቀስ ልትሆን ትችላለች፤ ተሳፋሪው አስቀድሞ በስልክ ይመዘገባል፣ አንዳንዶቹ ሾፌሮችም በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

በተቃራኒው ምክር ቤቱ በሕግ የታዘዘባቸው ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን አዋቂዎች እንዲረዳ ያስገድደዋል፤ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ብቁ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ማመላለስም ግዴታው ነው። የእነዚህ ወጪ በየዓመቱ ሲያድግና ከማዕከላዊ መንግሥት የሚመጣው ገንዘብ አብሮት ሳያድግ ሲቀር፣ መቀነስ የሚቻለው ከግዴታ ውጭ የሆነው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሚንግሃምና ኖቲንግሃም ወጪያቸውን ከገቢያቸው ጋር ማመጣጠን እንዳቃታቸው የሚገልጸውን የአንቀጽ 114 ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ ከግዴታ ውጭ የሆነ አዲስ ወጪ ሁሉ ታግዷል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላኛው ገጽታ ነው። በእንግሊዝ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 3:30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በአገሪቱ ሁሉ በአውቶቡስ በነጻ የሚሄዱበት ካርድ አላቸው፤ ለአውቶቡስ ድርጅቶቹ ክፍያውን የሚያካክስላቸውም ምክር ቤቱ ነው። ካርዱ በሕግ የተሰጠ ስለሆነ በበጀት እጥረት ምክንያት ምክር ቤቱ ሊነጥቃቸው አይችልም። ነገር ግን ካርዱ በራሱ አውቶቡስ አይሆንም፤ መስመሩ ከተዘጋ ነጻ ካርድ ይዞ በረንዳ ላይ መቀመጥ ነው፣ የአንቀጽ 19 ሚኒባሶችም ካርዱን እንዲቀበሉ አይገደዱም። ስለዚህ ከእነሱ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው፤ የመሳፈር መብቱም፣ የመኪናው መምጣትም በየፊናው በሕግ መታሰር አለበት።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንደሚያደርግ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚሸነፈው «አቅም በፈቀደ» በሚለው ሐረግ ነው፤ አቅም ስንት እንደሆነ የሚለካው ደግሞ በጀት የሚያዘጋጀው ሰው ነው። ከተማ አስተዳደር በመመሪያ «በየሳምንቱ ይህን ያህል ምልልስ» ብሎ ቁጥር ቢያስቀምጥ አቅምም ቁጥር ይኖረዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ከደሴ ይልቅ ለጥ ያለች ከተማ ስለሆነች ይህን ምልልስ በትልቅ መኪና ሳይሆን በባጃጅ ማካሄድ ትችላለች፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ደብዳቤ እንዲያነቡልን እንጋብዝዎታለን።

ጥያቄ፦ በደሴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የሚኒባስ ረዳቶች ለወንበሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሰው አይጭኑኝም። ይህ ሕጋዊ ነው?
(ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ታሪፍ የሚወጣው ለሰውና ለመስመር ነው፤ ረዳቱ በራሱ ሥልጣን የሚጨምርበት ቦታ የለውም። ወንበሩ ሻንጣ አይደለም፤ እግርህ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ በአንቀጽ 9 ላይ ትራንስፖርትን በስም ጠቅሶ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ አመቺ እንዲሆኑ ሲደነግግ፣ በሕንፃው ደጃፍ ለሚቆመው ሚኒባስ የሚሆን እንዲህ ያለ ዝርዝር አላስቀመጠም፤ የረዳቱ ድፍረት የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው። ሲከለክሉህ የታርጋውን ቁጥር፣ መስመሩንና ሰዓቱን ይዘህ ለትራንስፖርት ቁጥጥር አመልክት። ለተራ አስከባሪውም በዚያው ቦታ ንገረው፤ መኪናው በተራው እንዳይጭን ማድረግ የሚችለው እሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከደብዳቤ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። በአንድ ስብሰባ ላይ አረጋውያንን በግማሽ ዋጋ እንድንጭን ተነገረን። እኔም እናት አለኝ፤ ጉዳዩን አልጠላሁትም። ግን የቀረውን ግማሽ ማን ይከፍለኛል?
(የባጃጅ ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከፋይ ካልተመደበ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ሾፌሩ ሽማግሌ ሲያይ «ሰው አለኝ» ብሎ ያልፋል። ቅናሽ ሲታወጅ አብሮ የሚካስበት ሒሳብ መያዝ አለበት። ለዚህ ቀላሉ ዘዴ ኩፖን ነው፤ አረጋዊው ከቀበሌው ቁጥር ያለው ኩፖን ይቀበላል፣ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ለቀሪው ኩፖኑን ይሰጥዎታል፣ እርስዎም በወሩ መጨረሻ በማኅበርዎ በኩል ይመነዝሩታል። አንድ ሾፌር የሁለት ሰው ኩፖን ሰብስቦ በሌለ ጉዞ እንዳይመነዝር፣ በጀርባው ላይ የመነሻና የመድረሻ ቦታና የባጃጁ የጎን ቁጥር ይጻፍበት።

ኩፖን የሚሞተው ገንዘቡ ሲዘገይ ነው። የመጀመሪያው ወር ኩፖን በሦስተኛው ወር ከተመነዘረ ሁለተኛ የሚቀበል ባጃጅ አይገኝም፤ ምክንያቱም ነዳጅ ማደያ በኩፖን አይቀዳም። ስለዚህ ማኅበራችሁ ሲደራደር በቅናሹ መጠን ላይ ከመከራከር ይልቅ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ይጠይቅ። ያ ገንዘብ ከገባ በኋላ ግማሽ ዋጋ ቢሉም ሩብ ዋጋ ቢሉም እናትዎን የሚጭን ባጃጅ አይጠፋም።